የመኪና ቪዲዮ ስክሪን፦ ከፊት ወይስ ከኋላ?
ፊልም የሚያሳይ ስክሪን መኪና ውስጥ በአብዛኛው ሁለት ቦታ ይገጠማል፤ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ጀርባ። የዳሽቦርዱ ካርታና የኋላ ካሜራ እስካሳየ ድረስ ጠብ የለበትም። ጣጣው የሚመጣው ፊልም ሲከፈትበት ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ለሁለት ሰከንድ ዓይኑን ቢጥልበት 50 ሜትር በጭፍን ይጓዛል። ስለዚህ ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ስክሪን የምትፈቅደው መኪናው ሲነዳ ቪዲዮውን የሚያቋርጥ መቆለፊያ ካለው ነው።

የኋላው የተሳፋሪ ነውና ይሻላል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ሹፌሩ ፊልሙን በቀጥታም ሆነ በነጸብራቅ እንዳያይ ይከለክላል። ማታ የካርቱን ብርሃን ስፖኪዮው ላይ ሲጨፍር ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። እኔ የምመርጠው የኋላውን ነው፤ ያውም ዝቅ ብሎ የተገጠመውን።