የሠራተኛ ማኅበራችን የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴ፦ ከአንዲት አባል የተሰጠ አስተያየት

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምሠራ ስሆን፣ ይህን አስተያየት የምጽፈው መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራችን በሴቶች ጉዳይ ኮሚቴው አማካይነት ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው። የአባልነት መዋጮ በየወሩ ከደመወዛችን ስለሚቆረጥ፣ ኮሚቴውን ገንዘብ እንደተከፈለበት ማንኛውም አገልግሎት መመዘን ተገቢ ይመስለኛል።

በስፌት መስመሮቹ ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከመራዊ፣ ከአዴትና ከዱር ቤቴ የመጡ፣ አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ቀደም ሲል ሰርቪሱ የማታ ፈረቃ ሠራተኞችን አስፋልት ዳር አራግፎ ይመለስ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የጨለማ መንገድ እያንዳንዷ እንደ ዕድሏ ትወጣው ነበር። ኮሚቴው ይህን ጉዳይ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ለሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ድርድር አቅርቦ ሰርቪሱ እስከ ሰፈር መግቢያ ድረስ እንዲያደርስ አስጽፏል፤ በስምምነቱ ላይ ከሠፈረ ጀምሮም ሾፌሩን መለመን ቀርቷል። ከዚህም የሚበልጠው የትርፍ ሰዓት ምደባው ነው። ትርፍ ሰዓት የሚሰጠውም የሚከለከለውም በሱፐርቫይዘሩ በጎ ፈቃድ በነበረበት ጊዜ፣ «ቡና ልጋብዝሽ» የሚለውን ግብዣ እምቢ ያለች ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ ይጎድልባት ነበር። አሁን ምደባው በተራ ሆኖ፣ የማኅበሩ ተወካይ ከፈረመበት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በእኔ ግምት ይህ አንድ ወረቀት በየዓመቱ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመቃወም የነጭ ሪቫን ቀን ሲከበር ከምንሰማቸው ንግግሮች ሁሉ የበለጠ ትንኮሳን ቀንሷል። (ሪቫኑን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን ደረት ላይ የሚያደርጉት ሱፐርቫይዘሮችም ጭምር ናቸው።)

የአቤቱታ አቀባበሉ ግን ብዙ ይቀረዋል። የኮሚቴው ክፍል ከሰው ኃይል ቢሮው አጠገብ ስለሆነ ወደዚያ የገባችውን ሁሉ መስመሩ በሙሉ ያያታል። ከዚህ የሚብሰው ኮሚቴው ነገሩን አስቀድሞ በሽምግልና ለመጨረስ የሚያደርገው ሙከራ ነው። በአገራችን በጎጃም ሽምግልና የተከበረ ነው፤ ሆኖም የድንበር ጠብ የሚፈታበት መንገድ አለቃዋ ለተነኮሳት ሴት አይሆንም፤ ምክንያቱም የድንበር ጠበኞቹ በእኩልነት የሚቀመጡ ሲሆን፣ እዚህ ግን አንዱ የሌላውን እንጀራ ይዟል። በዚያ ላይ ሕጉ ጊዜ አይሰጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅ የሚፈቅድላት ሲሆን፣ ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዟን ያህል ካሣ ያስገኝላታል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ሥራ የመልቀቅ መብቷ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ቀሪ ይሆናል። አንዲት ባልደረባዬ ሽማግሌ ሲመጣና ሲሄድ ይህ ጊዜ አልፎባታል። ኮሚቴው አቤቱታ በተቀበለበት ዕለት ይህን የጊዜ ገደብ በጽሑፍ አለማሳወቁ በእኔ ዘንድ ትልቁ ጉድለቱ ነው።

በቤት ውስጥ ጥቃት ረገድ ያልጠበቅሁትን ነገር አይቻለሁ። ባሏ ደሞዝ በሚከፈልበት ቀን በር ላይ እየጠበቀ ይደበድባት የነበረችን ሠራተኛ ኮሚቴው ፈረቃዋን አስቀይሮላታል፣ ፖሊስ ጣቢያ ድረስም አብሯት ሄዷል። ብዙ የማኅበር መሪዎች «ይህ የትዳር ጉዳይ ነው» ብለው የሚሸሹት ሥራ ነው። የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 የቤት ውስጥ ጥቃት በሥራ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት የሚጠቅስ ሲሆን፣ አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 206 ደግሞ ለተጎጂዎች ፈቃድ መስጠትንና የሥራ ሰዓት ማመቻቸትን ያነሣል። የእኛ የኅብረት ስምምነት ስለ ፈቃዱ ምንም አይልም፤ ሴትዮዋ የቀረችባቸው ቀናት ከዓመት ፈቃዷ ተቀንሰዋል።

የጽዳት ሠራተኞቹ በኤጀንሲ የተቀጠሩ በመሆናቸው ኮሚቴው አያስተናግዳቸውም። ሌሊት ብቻቸውን አዳራሽ የሚያጸዱት ግን እነርሱ ናቸው። አዋጁ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር እንዲቋቋም ስለሚፈቅድ፣ ማኅበራችን ቢያንስ እነርሱ የራሳቸውን እንዲያቋቁሙ ሊረዳቸው በተገባ ነበር።

በፈረቃ፣ በሰርቪስ ወይም በትርፍ ሰዓት ምደባ በደል የደረሰባት ሠራተኛ ሳታመነታ ወደ ኮሚቴው ብትሄድ መልካም ነው። በደሉ ከአለቃዋ የመጣ ትንኮሳ ከሆነ ግን ለኮሚቴው አቤቱታዋን በጽሑፍ አስገብታ ቅጂውን ቀን አስጽፋ ትያዝ፤ የሽምግልናውን ውጤት ሳትጠብቅም በዚያው ሳምንት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ትሂድ።