ለፌርባንክሷ እናታችን፦ ስለ ሙስ አደን የምስጋናና የጥቆማ ጽሁፍ

ሰላም ወገኖች። ይህን ጽሁፍ ስጀምር ስተወው ከረምኩ። ፍሪዘሩን በከፈትኩ ቁጥር «እኚህን ሴትዮ ሳላመሰግን» እያልኩ ይቆጨኛል። ዛሬ ልጨርሰው ነው።

የማመሰግናቸው ሴት የሚኖሩት አላስካ ውስጥ ፌርባንክስ ነው። አዳኞችን በትንሽ አውሮፕላን ጫካ አድርሶ በሚመልስ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። ስልክ የሚያነሱት፣ ቀን የሚመድቡት፣ ሻንጣ የሚመዝኑት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አላወጣውም። እኔና ጓደኛዬ ግን «እማማ» ነው የምንላቸው።

ሙስ ከአጋዘን ዘር ሁሉ ትልቁ ነው። ወንዱ አላስካ ውስጥ እስከ 1,600 ፓውንድ ይደርሳል። ከእንዲህ ያለው 500 ፓውንድ ያህል የሚበላ ሥጋ ይወጣል። እኔ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ስድስት ዓመት ዲር፣ ማለትም አነስ ያለውን አጋዘን፣ አድኛለሁ። ሙስ ግን ሁልጊዜ የሀብታም አደን ይመስለኝ ነበር። በጋይድ፣ ማለትም ፈቃድ ባለው የአደን መሪ፣ የሚካሄደውን ስጠይቅ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው የተጠራልኝ። እኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ይሄን ለአንድ አደን ማውጣት አልችልም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ተበልቻለሁ። «በርካሽ አመቻችላችኋለሁ» ያለኝ ሰው 1,500 ዶላር ቀብድ ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም። ያ ገንዘብ ለልጄ ጥርስ ያስቀመጥኩት ነበር። ስለዚህ ወደ ፌርባንክስ ስደውል ልቤ ሙሉ አልነበረም።

እማማ ስልኩን አንስተው ገና ከሰላምታው «ሁለታችሁም የአሜሪካ ዜጋ ናችሁ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ምን አገባቸው ብዬም ቅር አለኝ። እኔ ዜጋ ነኝ፣ ጓደኛዬ ግን ገና ግሪን ካርድ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ገንዘብህን ሳትከፍል ስማኝ» አሉና አስረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን እባካችሁ በደንብ ያዙት፣ ብዙ ወገን አያውቀውም። የአላስካ ነዋሪ ያልሆነ የአሜሪካ ዜጋ ሙስን ያለ ጋይድ ማደን ይችላል። ጋይድ ግዴታ የሚሆንበት ለቡናማ ድብ፣ ዳል ለሚባለው የዱር በግና ለተራራ ፍየል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ የአላስካ ነዋሪ እስካልሆነ ድረስ ለማንኛውም ትልቅ አውሬ ጋይድ ያስፈልገዋል። ሙስም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጓደኛዬ ሳያውቅ ፈቃድ ገዝቶ ጠመንጃ ይዞ ቢገባ ኖሮ ወንጀል ነው። የዜግነት ማመልከቻ ሊያስገባ ለተዘጋጀ ሰው ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ዝም ብለው የሁለት አዳኝ ገንዘብ መቀበል ይችሉ ነበር። ከእሳቸው በፊት የደወልኩላቸው ሦስት ቦታዎች አንዳቸውም ይህን አልጠየቁኝም። እሳቸው ግን «እሱ እንደ ጓደኛ ይምጣ፣ ምግብ ያብስል፣ ሥጋ ይሸከም፣ ጠመንጃ ግን አይንካ» አሉ። ቃላቸውን ብቻ እንዳንይዝም ወደ አላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መምሪያ ደውለን እንድናረጋግጥ ነገሩን። ደወልን፤ እንዳሉት ነው።

መምሪያው ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። በየአካባቢው የዱር እንስሳት ባለሙያ አለው። ስልክ ያነሳሉ፣ በትህትና ይመልሳሉ፣ በነፃ ነው። እማማ የት ሙስ እንዳለ ስጠይቃቸው «እኔ ጋይድ አይደለሁም፣ ያንን ልነግርህ ሕግ አይፈቅድልኝም፤ ባለሙያውን ጠይቅ» ብለው ነው የላኩኝ። የእሳቸው ዓይነት ድርጅት ትራንስፖርተር ይባላል። ፈቃዱ ሰውና ዕቃ ለማድረስ ነው፣ አደን ለመምራት አይደለም። ድንበራቸውን ማወቃቸው ይበልጥ እንዳምናቸው አደረገኝ።

ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። የአደን ፈቃድ 160 ዶላር፣ የሙስ ታግ (ለሚገደለው ሙስ የሚገዛ መለያ) 800 ዶላር። የሃርቨስት ቲኬቱ (አደኑ የሚመዘገብበት ወረቀት) በነፃ ነው፤ ግን ሪፖርቱን በ15 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታ ነው። በረራው ደርሶ መልስ፣ ሥጋውን የሚያወጣውንም ጨምሮ፣ ለሁለታችን 5,200 ዶላር ነበር፤ ተካፈልነው። ከሲያትል ፌርባንክስ ትኬቴ 420። ድንኳን፣ የድብ መከላከያ የኤሌክትሪክ አጥርና የሳተላይት መልእክት መላኪያ ተከራይተን የእኔ ድርሻ 350። ሞቴልና ምግብ 300 ያህል። ሥጋውን በሻንጣ ለማምጣት ወደ 600። በድምሩ እኔን ያስወጣኝ 5,200 ዶላር አካባቢ ነው። ትንሽ ገንዘብ ነው አልልም። ሁለት ዓመት አጠራቅሜበታለሁ። ግን ከ20 ሺህ ጋር አይገናኝም።

የሥጋውን በረራ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። የመግቢያና የመውጫ ዋጋ ርካሽ ይነገራችኋል። ሙሱ ከወደቀ በኋላ «ለሥጋው ሌላ በረራ» ይባላል። ሥጋውን ጥላችሁ መሄድ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም። እማማ ከመጀመሪያው «ባዶ እጃችሁን ብትመለሱ ይሄን ያህል፣ ሙስ ብትጥሉ ይሄን ያህል» ብለው ሁለቱንም በጽሁፍ ላኩልኝ። በመጨረሻም አንድ ሳንቲም አልጨመሩም።

ሻንጣ የተመዘነበትን ቀን አልረሳውም። ጳጉሜ 2 ቀን ነበር። ሃንጋሩ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ማቆሚያ ቤት፣ ውስጥ እማማ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። እያንዳንዱን ቦርሳ ራሳቸው እያነሱ ያስቀምጣሉ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋሉ። ለእያንዳንዳችን የተፈቀደው 70 ፓውንድ ነው። እኔ 81 ሆንኩ። ቦርሳዬን ከፍተው «ይሄ ለምንድን ነው? ይሄስ?» እያሉ አንድ በአንድ አወጡት። ትርፍ ጫማ፣ ከባድ የብረት ድስት፣ ሁለተኛ መጥረቢያ። «እስክትመለስ አስቀምጥልሃለሁ» ብለው መደርደሪያ ላይ ስሜን ጽፈው አኖሩት።

ከዚያ የምግባችንን ከረጢት አነሱና ቀለላቸው። ለአሥር ቀን የሚሆን ምግብ ነው ብላቸው አላመኑኝም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ ትንሽ ቅቤ። ሌላው አዳኝ በውሃ የሚፈታ የታሸገ ምግብ በውድ ገዝቶ ይገባል። እኛ ከእናቶቻችን ስንቅ የተሻለ አላገኘንም። ዳቦ ቆሎውን አቀመስኳቸው። ሁለተኛ እፍኝ ራሳቸው ዘገኑ። «ለአየር ፀባይ ሦስት ቀን ጨምሩ» አሉን። አውሮፕላን በጭጋግ አይነሳም፤ የመመለሻ ቀን የሚወስነው ሰማዩ ነው። ደግነቱ ሽሮው ተርፎ ነበር፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የመጣልን።

ከመነሳታችን በፊት የነገሩን ሦስት ነገር ነው። በበረርክበት ቀን ማደን ክልክል ነው፤ እስከ ማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጠመንጃህን አታንሳ። ቀንዱን ካልተማመንክ አትተኩስ፤ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ አዳኝ ብዙ ቦታ ላይ ስፋቱ ቢያንስ 50 ኢንች መሆን አለበት፣ ወይም በአንድ በኩል ግንባሩ ላይ እንደየአካባቢው ሦስት ወይም አራት ጣት (የቀንድ ቅርንጫፍ) ያለው። ሦስተኛው ደግሞ «ከካምፕህ የራቀውን ሙስ እለፈው። ውሃ ውስጥ የቆመውን እለፈው። የሚያምረው ቀንዱ ነው፣ የምትሸከመው ግን ሥጋውን ነው»።

ይሄ ሦስተኛው ነው ያዳነን። ጳጉሜ 4 ከሰዓት በኋላ አንድ ግዙፍ ወንድ ከሐይቁ ማዶ ታየን። በግምት አንድ ማይል ተኩል ይርቃል፣ መሃሉ ረግረግ ነው። ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ዝም አለ። እኔም መነጽሩን አውርጄ ተቀመጥኩ። ማለፍ ከባድ ነው፤ ግን የሳቸው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

እንቁጣጣሽን እዚያው ዋልን። በረዶ ቢጤ ጥሎ ነበር። ጓደኛዬ ሽሮ ሠራ፣ እኔ ቡና ቀቀልኩ፣ «እንኳን አደረሰህ» ተባባልን። ዙሪያችን ያለው ቁጥቋጦ በሙሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። አደይ አበባ ባይኖርም መስከረም መሆኑን አገሩ ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ ከካምፓችን 600 ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ አገኘሁት። ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ከፊት ለፊት እስኪያየኝ ጠበቅኩ፣ ቀንዱን ደጋግሜ አየሁ፣ ከዚያ ተኮስኩ። በሜትር ስንለካው 54 ኢንች ሆነ።

አባቴ ብልት በማውጣት በሰፈሩ የታወቀ ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ቢላዋ እየሳልኩ አየው ነበር። የአላስካ ሕግ የሚጠይቀው ከእሱ ያየሁትን ነው። አንገት፣ ጎድን፣ ፍሪምባ፣ ወርች፣ ጭን፣ ሽንጥ፣ ጭቅና ሁሉም መውጣት አለበት። ቀንዱ ከሥጋው ቀድሞ ከጫካ አይወጣም። አንዳንድ አካባቢ ሥጋው ከአጥንቱ ሳይለይ ነው የሚወጣው። ታፋው ብቻውን ከ100 ፓውንድ በላይ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስን፣ ሁለት ቀን ፈጀ። ሥጋውን በጥጥ ከረጢት አድርገን፣ ከድንኳኑ ራቅ ባለ ጥላ ላይ በእንጨት ሰቅለን፣ አጥሩን ዙሪያውን ዘረጋን። ነፋስ እንዲያገኘው፣ እንዳይደራረብ፣ እንዳይረጥብ እማማ ደጋግመው ነግረውን ነበር። አንድ ቁራጭ አልተበላሸብንም።

ፌርባንክስ ስንመለስ እማማ ሃንጋሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀንዱን ገና አላዩትም፤ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ከረጢቶቹ ነው። አንዱን ፈትተው አሸተቱት፣ በእጃቸው ነካ አደረጉትና «ንጹህ ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

ቅርጫ እናደርገዋለን ስላቸው ቅርጫ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ቆም ብለው «ገንዘብ ይሰበሰባል?» አሉ። የአደን ሥጋ መሸጥና መግዛት ክልክል ነው። በስጦታ ግን ይቻላል፤ የማስተላለፊያ ቅጽ ተሞልቶ የተቀባዩና የሰጪው ስም ይጻፍበታል። ቅጹን ራሳቸው አትመው ሰጡኝ። እዚያው ፌርባንክስ ለሚኖሩ አንድ አዛውንት አንዱን ወርች ሰጠን። ሲያትል ደግሞ መደብ በመደብ አድርገን ለስምንት ቤት አካፈልን፣ ያለ ምንም ክፍያ። ከፊሉን ቋንጣ አድርገነዋል። ጥሬውን ለምትጠይቁኝ፣ እኔ አብስዬ ነው የበላሁት፣ እንደዚያው እመክራለሁ። «ይበላል ወይ?» ላላችሁኝም፣ ሙስ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳልም። አስተራረዱን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔም ጠይቄ ነው የሄድኩት።

የካናዳዋን ኒውፋውንድላንድን ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እዚያ ከውጭ የሚመጣ አዳኝ ያለ ፈቃድ ያለው አስተናጋጅ ድርጅት ሙስ አያድንም። የአሜሪካዋ ሜይን ስቴት ደግሞ በዕጣ ነው። በራስ እጅ፣ በራስ ስንቅ ለመሄድ ለዜጋ የሚቀርበው አላስካ ነው።

ጠመንጃ በአውሮፕላን ስለመውሰድ ለጠየቃችሁ፦ ጥይት ያልጎረሰ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን፣ መመዝገቢያው ጋ ስታስረክቡ ተናግራችሁ። ጥይቱ እስከ 11 ፓውንድ ነው። የድብ ስፕሬይ አይሳፈርም፣ እዚያው ግዙ።

የእማማን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ ዜግነታችሁን፣ ክብደታችሁን፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትሄዱ አዘጋጅታችሁ ንገሯቸው። የሴፕቴምበር ቀኖች የሚሞሉት በአሜሪካው የብርድ ወራት ነው፤ እኔ የደወልኩት በጥር ነበር፣ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ገንዘባችሁ ካልደረሰ ደግሞ በግልጽ ንገሯቸው። ለአንድ ወንድማችን «ዘንድሮ አትምጣ፣ አጠራቅመህ በሚቀጥለው ዓመት ና» ብለው ቀብዱን መልሰውለታል።

እማማ፣ ይህን ልጄ በእንግሊዝኛ አድርጋ እሁድ በስልክ ታነብልዎታለች። ዳቦ ቆሎው በፖስታ ተልኳል፣ ሁለት ኪሎ ነው። መደርደሪያዎ ላይ የቀረውን ድስቴን በሚቀጥለው መስከረም መጥቼ እወስደዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን።