እህቴ ደረቅ አልጋ ላይ አደረች፣ ሀምሊኖች እጃችሁ ይባረክ

እንዲህ አይነት ነገር ፖስት አድርጌ አላውቅም ግን ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ታናሽ እህቴ ክፍለ ሀገር በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ ልጁ ተመስገን ደህና ነው፣ እሷ ግን በሳምንቱ ሽንት ያመልጣት ጀመር። ሽንት ቤት ሄዳ እንደማንኛውም ሰው ትሸናለች፣ ግን ደግሞ ቀንም ሌሊትም ጠብ ጠብ ይላል። የወለደችበት ቦታ ተመልሳ ስትጠይቅ "የወሊድ ነው፣ ይተውሻል" ብለው ሸኟት። ወራት አለፉ፣ እንዳይፈሳት ብላ ውሃ መጠጣት ተወች፣ የልጇ ክርስትና ቀን እንኳን ከጓዳ አልወጣችም። ለኔ የነገረችኝ በስልክ እያለቀሰች ነው።

አዲስ አበባ አምጥቼ ሀምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ወሰድኳት። ፊስቱላ (ሽንት ሳይታወቅ በብልት በኩል የሚፈስበት ቀዳዳ) ሲባል ገጠር ውስጥ ቀናት ሙሉ ምጥ ላይ በቆዩ እናቶች ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፣ በኦፕራሲዮን ጊዜም ሊመጣ እንደሚችል እዛ ነው የሰማሁት። ፊኛዋን ሰማያዊ ቀለም ባለው ውሃ ሞልተው አዩ፣ የሚፈሳት ግን ሰማያዊ አልሆነም፣ ያው ሽንት ነው። ስለዚህ ፊኛው ደህና ነው፣ የተጎዳው ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቀጭኑ ቱቦ ነው፣ ዩሬተር ይሉታል። የቀኙ ኩላሊት ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቅማል የግራው በብልቷ በኩል ይፈሳል፣ ለካ እየሸናችም የሚፈሳት ለዚህ ነው! አልትራሳውንድ ሲነሳ የግራ ኩላሊቷ አብጧል፣ ብንዘገይ ኩላሊቱን ልታጣው ትችል ነበር።

ዶክተሩ ወረቀት ላይ ስለው አስረዱን፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ሳይቀር ገባት። ቱቦውን ከተጎዳበት ከፍ ብለው ቆርጠው ፊኛው ላይ በአዲስ ቦታ ተከሉት፣ እስኪድን ውስጡ ስቴንት የሚሉትን፣ እንዳይዘጋ የሚይዘውን ቀጭን ላስቲክ አስቀመጡለት። ሁለት ሳምንት ግድም ከካቴተር ጋር፣ ሽንቱን ከፊኛዋ ከሚያወጣው ላስቲክ ጋር ማለት ነው፣ ተኛች። ውሃ መጠጣት ፈርታ እምቢ ስትል የምታስታምማት ሴትዮ አጠገቧ ቁጭ ብላ "ጠጪ የኔ ልጅ፣ እኔም እዚሁ አልጋ ላይ ነበርኩ" አለቻት። እዛ ታክመው ድነው የቀሩ አስታማሚዎች አሉ፣ ከመድኃኒቱ እኩል እነሱ ናቸው ያዳኗት እላለሁ። ካቴተሩ የወጣ ለታ ሌሊቱን ሙሉ አንሶላውን እየዳሰሰች አደረች፣ ደረቅ ነው።

ለህክምናው አንድ ብር አልተጠየቅንም፣ ስትወጣ ጭራሽ አዲስ ቀሚስ አለበሷት። ዶክተር ካትሪን ሀምሊን ከባለቤታቸው ጋር በፈረንጆች 1974 የከፈቱት ቤት ነው፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ቅርንጫፍ አላቸው። እባካችሁ ከወሊድ ወይ ከማህጸን ኦፕራሲዮን በኋላ እየሸናችም የሚፈሳት እህት ካለቻችሁ "ይተዋታል" የሚላችሁን አትስሙ፣ ቶሎ ውሰዷት፣ ኩላሊቷ ጊዜ አይሰጥም።

ዶክተሮች፣ ሲስተሮች፣ አስታማሚዎች፣ መድኃኔዓለም ውለታችሁን ይክፈልልኝ። እህቴ ባለፈው እሁድ ልጇን አዝላ አስቀድሳ መጣች።