ሕያው ማኮሊ ወይስ በሙቀት የታከመ?

ጉሽ ጠላ የለመደ ሰው የኮሪያው የሩዝ መጠጥ ማኮሊ ነጭና ድፍርስ መሆኑ አይከብደውም። በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ከውሃና ኑሩክ ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ከሚዘጋጅ እርሾ ጋር ተጠንስሶ ይጠለላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የጠርሙሱን ስም ተዉትና አንድ ነገር መርምሩ፦ እርሾው በሕይወት አለ ወይስ በሙቀት ሞቷል?

በሙቀት የታከመው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከኮሪያ ርቀው ለሚኖሩ በቀላሉ የሚገኘውም እርሱ ነው። ይጣፍጣል፣ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ዛሬም ከወር በኋላም ጣዕሙ ያው ነው። ሕያው የሆነው ከቀን ቀን ይለወጣል፦ መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፣ ሲሰነብት ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ይኮመጥጣል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ሁሉ ሕያውን ቢመርጥ እላለሁ።

ከሕያዎቹ መካከል ሴኡል ጃንግሱ 6 በመቶ አልኮል አለው፤ በሴኡል ከተማ በየሱቁ ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። የመቆያ ጊዜው 10 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሳታዩ አትግዙ። ለጀማሪ ይህ ይበቃል። ቦክሱንዶጋ 6.5 በመቶ ሲሆን እንደ ሻምፓኝ ይፈላል፤ ዋጋው የጃንግሱን ብዙ እጥፍ ነውና ለግብዣ ቀን ይሁን። ልቤ ያለው ግን በቡሳን ከተማ፣ ተራራ ላይ ባለች መንደር በሚጠመቀው በኩምጆንግሳንሶንግ ነው። አልኮሉ 8 በመቶ ነው፤ ኑሩኩን በእግር እየረገጡ ጠፍጣፋ አድርገው ይሠሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በመንግሥት የባህል መጠጥነት እውቅና አግኝቷል። ኮምጣጣነቱ ጎላ ያለ ነው፣ የእህል ሽታውም አፍ ውስጥ ይቆያል። ጣፋጭ ብቻ የሚወድ ሰው ግን ይህን ባይገዛ ይሻለዋል።

ሕያው ጠርሙስ ጋዙን በክዳኑ በኩል ስለሚያስወጣ አቁማችሁ እንጂ አጋድማችሁ አታስቀምጡት። ከመነቅነቃችሁ በፊት ከላይ የጠለለውን ጥቂት ቅመሱ፤ የጠመቃውን ጥራት የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን በቀስታ አዘንብላችሁ ዝቃጩን ቀላቅሉት። ቦክሱንዶጋን ግን ከቶ አትነቅንቁት፤ ክዳኑን ጥቂት ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉ፣ ደጋግሙት፣ አረፋው ራሱ ዝቃጩን ያነሣዋል። በደንብ አቀዝቅዛችሁ በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ቅዱት። ኮሪያውያን ዝናብ ሲዘንብ ከፓጆን ጋር ይጠጡታል፤ ፓጆን በቅጠል ሽንኩርት የሚጠበስ ቂጣ ነው፣ የዘይቱን ክብደት የማኮሊው ኮምጣጣነት ያቀልለዋል።