የአየርላንድ ጨዋታዎች በክፍያ መስኮት፦ የጂኤኤ ፕላስ ግምገማ

ጂኤኤ ፕላስ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚደረገውን የሀርሊንግንና በእጅም በእግርም የሚደረገውን የጌይሊክ እግር ኳስን ውድድሮች በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስተላልፍ የክፍያ አገልግሎት ሲሆን ባለቤቱም እነዚህን ጨዋታዎች የሚያስተዳድረው የአየርላንድ ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ጂኤኤ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጂኤኤ ጎ በሚል ስም ሲጀመር ማኅበሩና የአገሪቱ የሕዝብ ማሰራጫ አርቲኢ በጋራ ይዘውት ነበር፤ በ2025 ማኅበሩ የአርቲኢን ድርሻ ጠቅልሎ ወስዶ አሁን የሚታወቅበትን ስም ሰጠው። ለአንድ የቪዲዮ አገልግሎት ይህን ያህል ቦታ መስጠቴ ሊያስገርም ይችላል፤ ሆኖም ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአየርላንድ የስፖርት ወዳጆች ዘንድ እንደዚህ አገልግሎት ያከራከረ፣ ከሜዳ ተነሥቶም ፓርላማ ድረስ የዘለቀ ጉዳይ ብዙ አይገኝም። ፍርዴን ከመነሻው ላስቀምጥ። ጂኤኤ ፕላስ ለተከፈለበት ገንዘብ የሚመጥን ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከሀርሊንግ ምርጥ ጨዋታዎች የተወሰኑት በክፍያ ብቻ እንዲታዩ መደረጋቸው ጨዋታውን ራሱን ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ።

አገልግሎቱ ሲወለድ ታሳቢ ያደረገው ከአገር ውጭ የሚኖረውን አየርላንዳዊ ነበር። በደብሊን እሑድ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ሲድኒ ላለ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ይህ ሰው ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ ጨዋታውን የሚያሳይ የአየርላንዳውያን መጠጥ ቤት ፈልጎ በሌሊት መውጣት ወይም ውጤቱን ከዘመድ መስማት ነበር። አሁን በስልኩ፣ በኮምፒውተሩ ወይም በቴሌቪዥኑ ከፍቶ ያያል፤ ሌሊቱን መንቃት ያልቻለም ጠዋት ሙሉውን ጨዋታ ያገኘዋል። በዚህ በኩል አንዳች ቅሬታ የለኝም። ማኅበሩ የሩቅ ዘመዶቹን አለመርሳቱ የቆየ ባሕርዩም ነው፤ በ1947 የጌይሊክ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታን ኒው ዮርክ ድረስ ወስዶ የካቫንንና የኬሪን ቡድኖች በፖሎ ግራውንድስ ሜዳ ያጫወተው ይኸው ማኅበር ነው፤ በዚያ ቀን አየርላንድ የቀረው ሕዝብ ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ በኮሜንታተሩ በሚካኤል ኦሄር ድምፅ ጨዋታውን ተከታተለ።

ክርክሩ የተነሣው አገልግሎቱ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ነው። ከ2014 እስከ 2022 ድረስ ከአርቲኢ ውጭ የተወሰኑ የሻምፒዮና ጨዋታዎችን በክፍያ ያሳይ የነበረው ስካይ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ነበር፤ ያኔም ብዙ ሰው ተቃውሟል። ስካይ ሲወጣ ክፍት የቀረውን ቦታ ጂኤኤ ጎ ተረከበ፤ በ2023 የውድድር ዘመንም 38 ጨዋታዎችን በአየርላንድ ለብቻው አስተላለፈ። የአንድ ጨዋታ ዋጋ 12 ዩሮ፣ የሙሉው የውድድር ዘመን ደግሞ 79 ዩሮ ሆነ። ቁጥሩ ይህን ያህል የበዛበት ምክንያት ከገንዘብ ፍለጋ ብቻ የመጣ አልነበረም። ማኅበሩ ከ2022 ጀምሮ የካውንቲዎችን፣ ማለትም የየራሳቸው ቡድን ያላቸውን የአገሪቱን አካባቢዎች፣ ሻምፒዮና ቀድሞ በጁላይ እንዲያልቅ አድርጎ የዓመቱን ቀሪ ጊዜ ለክለቦች ለቀቀው፤ ቀድሞ እስከ ሴፕቴምበር ይዘረጋ የነበረው ውድድር በጥቂት ሳምንታት ሲጨመቅ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚደራረቡት ጨዋታዎች አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከሚሸከመው በላይ ሆኑ። ክለቦቹ ከዚህ ለውጥ በእጅጉ ስለተጠቀሙ ውሳኔውን እደግፈዋለሁ።

ጥያቄው ታዲያ የትኛው ጨዋታ በነጻ፣ የትኛውስ በክፍያ ይታይ የሚለው ነው። በማንስተር ክፍለ ሀገር ከ2018 ጀምሮ አምስት ካውንቲዎች፣ ሊመሪክ፣ ክሌር፣ ኮርክ፣ ቲፐረሪና ዋተርፎርድ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወታሉ፤ የሚያልፉት ሦስቱ ብቻ ስለሆኑ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ቀላል የሚባል ጨዋታ የለም። በኤፕሪል 2023 ማብቂያ ክሌር በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረውን ሊመሪክን በገዛ ሜዳው በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ 1-24 ለ 2-20 (ከሰረዙ በፊት ያለው የጎል ብዛት ሲሆን እያንዳንዱ ጎል ሦስት ነጥብ ይቆጠራል)፣ አሸነፈ፤ በሳምንቱ ኮርክና ቲፐረሪ 4-19 ለ 2-25 በእኩል 31 ነጥብ ተለያዩ። ሁለቱም የዓመቱ ምርጥ ጨዋታዎች ከሚባሉት ተርታ የሚገቡ ነበሩ፤ ሁለቱም ግን በጂኤኤ ጎ ብቻ ታዩ። ቁጣው ወዲያው ገነፈለ። የኮርክ ሰው የሆኑት የያኔው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሆል ማርቲን አሠራሩን በይፋ ነቀፉ፤ የማኅበሩና የአርቲኢ ኃላፊዎችም በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ምርጫቸው ማብራሪያ ለመስጠት ተገደዱ።

ይህ ቁጣ ለምን እንዲህ እንደከረረ ለመረዳት የአየርላንድን የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ በዓመት 160 ዩሮ ይከፍላል፤ ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለአርቲኢ ነው። ስለዚህ በ2023 አንድ የሊመሪክ ጡረተኛ፣ የሕዝብ ማሰራጫውን በፈቃድ ክፍያው ሲደግፍ ኖሮ፣ ያው ማሰራጫ ግማሽ ባለቤት በሆነበት አገልግሎት የካውንቲውን ጨዋታ ለማየት እንደገና ክፈል ተባለ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ደግሞ አርቲኢ ለአንድ ታዋቂ አቅራቢው ለሕዝብ ካሳወቀው በላይ 345,000 ዩሮ እንደከፈለ ራሱ አመነ፤ ብዙ ሰዎችም የፈቃድ ክፍያቸውን ማቋረጥ ጀመሩ። ሁለቱ ጉዳዮች የተለያዩ ናቸው፤ በተመልካቹ አእምሮ ግን አንድ ላይ መጡ፤ እኔም በዚህ አልፈርድበትም። ማኅበሩ በ2025 ሙሉ ባለቤት መሆኑ ቢያንስ ይህን ግራ መጋባት አጥርቶታል፤ አሁን ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚያውለው መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ምስሉ ጥራት ልምጣ፤ ምክንያቱም ሀርሊንግ ካሜራን የሚፈትን ጨዋታ ነው። የገና ጨዋታን የሚያውቅ አንባቢ ዱላና ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋችን በቀላሉ ሊያስብ ይችላል፤ በሀርሊንግ ግን ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረው በአየር ላይ ነው። ስሊተር የሚባለው ኳስ ከቴኒስ ኳስ እምብዛም አይተልቅም፤ ክብደቱ ከ110 እስከ 116 ግራም ነው፤ ጥሩ ተጫዋች ሲመታው በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወረወር ይችላል። ግብ ጠባቂው ከራሱ ጎል ፊት የመታው ኳስ የሜዳውን አጋማሽ አልፎ ሲያርፍ ካሜራው ከኋላው መድረስ አለበት፤ ካሜራ አንሺው የጨዋታውን ባሕርይ ካላወቀ ተመልካቹ የሚያየው ሣር ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ጂኤኤ ፕላስ ምስጋና ይገባዋል። ካሜራዎቹ የሚመሩት ኳሱ የት እንደሚወርድ አስቀድመው በሚገምቱ ሰዎች ነው፤ ኳሱ ቢጫ መሆኑም ዓይንን በእጅጉ ያግዛል። ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ባለበት ቤት ግን ይህች ትንሽ ኳስ ከማንኛውም ነገር ቀድማ ከምስሉ ትጠፋለች፤ እግር ኳስን አጥርቶ የሚያሳይ መስመር ለሀርሊንግ ላይበቃ ይችላል።

ከሁሉ የምወደው የጎል ዳኞቹ በቅርብ የሚታዩበትን ቅጽበት ነው። በእያንዳንዱ ጎል ሁለት ሰዎች ነጭ ካፖርት ለብሰው ይቆማሉ፤ ኳሱ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ካለፈ ነጭ ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ ያ አንድ ነጥብ ነው። መረቡ ውስጥ ከገባ አረንጓዴው ይነሣል፤ ያ ሦስት ነጥብ ነው። ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው 1-24 የሚለውን ሲያይ አንድ ጎልና 24 ነጥብ፣ በድምሩ 27 መሆኑን ለማስላት ይቸገራል፤ በማያ ገጹ ጥግ ላይ ድምሩ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ተጽፎ ቢቆይ ለአዲሱ ተመልካች ትልቅ ውለታ ይሆን ነበር። ኮሜንታተሮቹና ተንታኞቹ ጨዋታውን ያደጉበት ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል፤ የተጫዋቹን ክለብና መንደር ሳይቀር ይጠቅሳሉ፤ ይህም ለአገሬው ደስታ ሲሆን ለእንግዳው ትምህርት ነው።

የ2023ን ዋጋ በሒሳብ ስናየው አያስከፋም። ሁሉንም 38 ጨዋታዎች ላየ ሰው 79 ዩሮው በጨዋታ ከሁለት ዩሮ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሰባት ጨዋታ ካየ ሰው ጀምሮም የዘመኑ ክፍያ ከነጠላው ይረክስ ነበር። ችግሩ አብዛኛው ደጋፊ እንዲህ አለመሆኑ ነው። የክሌር ሰው የሚፈልገው ክሌርን ነው፤ የካውንቲው ጨዋታም በክፍያው መስኮት የሚወድቀው ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። ለእርሱ 12 ዩሮ ለ70 ደቂቃ ጨዋታ ውድ ነበር። የአንድ ካውንቲን ጨዋታዎች ብቻ የሚያካትት መካከለኛ ጥቅል ቢኖር ይህን ደጋፊ ያለ ብዙ ምሬት ያመጣው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የማኅበሩን መከራከሪያም በቀላሉ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። የካውንቲ ተጫዋቾች ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ በደብሊን ያለውን የማኅበሩን ትልቅ ስታዲየም ክሮክ ፓርክን በ82,300 ተመልካች ፊት ያናወጠው ሰው በማግሥቱ መምህር፣ ገበሬ ወይም ባንክ ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ገንዘቡ የሚሄደው ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ አይደለም፤ ለሜዳዎች፣ ለአሠልጣኞችና ለክለቦች ነው። የሁለቱም ጨዋታዎች የመላው አየርላንድ ፍጻሜዎች ደግሞ በሕግ ለሕዝብ በነጻ እንዲታዩ ከተመደቡት ዝግጅቶች መካከል ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ክፍያው ራሱ የማይቆጨኝ።

የሚቆጨኝ በሜይ 2024 ዓይነት ምሽቶች ናቸው። ቅዳሜ ማታ በኮርክ በተካሄደው ጨዋታ ሊመሪክ በባከነ ሰዓት በአንድ ነጥብ ሲመራ ኮርክ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፤ ፓትሪክ ሆርጋን መረቡ ውስጥ ከተተው፤ ጨዋታው 3-28 ለ 3-26 በኮርክ አሸናፊነት አለቀ፤ ሕዝቡም ሜዳውን ሞላው። ይህን በነጻ የሚያይ አልነበረም። ኮርክና ሊመሪክ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ገንዘቡን ከፍሎ ያየዋል፤ ሀርሊንግ ሥር ባልሰደደባቸው ሰሜናዊና ምዕራባዊ ካውንቲዎች ያለ የ10 ዓመት ልጅ ግን ለማያውቀው ጨዋታ ገንዘብ እንዲከፈልለት አይጠይቅም። ያ ልጅ ዱላ የሚያነሣው ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሳለ እንዲህ ያለ ምሽት ሳይታሰብ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ነው። ጌይሊክ እግር ኳስ በሁሉም ካውንቲ ስለሚጫወት ይህን ያህል ላያሳስብ ይችላል፤ የሀርሊንግ ምድር ግን ጠባብ ነው፤ የሚሰፋውም በመታየት ነው። አረጋውያንን በተመለከተም ፖለቲከኞች ያነሡት ነጥብ ተገቢ ነበር፤ መንግሥት ለገጠሩ ፈጣን ኢንተርኔት ለማዳረስ ውል የፈረመው በኖቬምበር 2019 ሲሆን ሥራው ዓመታትን የሚጠይቅ ነው፤ መስመሩ በር ላይ የደረሰለት ሽማግሌም መተግበሪያ ከፍቶ፣ የባንክ ካርድ አስገብቶ ጨዋታ መግዛት አይቀናውም።

ፖለቲከኞቹ በዚህ ጉዳይ መግባታቸውን ለድምፅ ሲሉ ነው ብለው የሚያጣጥሉ ደጋፊዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በአየርላንድ ሜዳውና ምክር ቤቱ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጃክ ሊንች ከ1941 እስከ 1946 ባሉት ስድስት ዓመታት ለኮርክ ተሰልፈው አምስት የሀርሊንግና አንድ የጌይሊክ እግር ኳስ ዋንጫ አንሥተዋል። የጌይሊክ እግር ኳስን ሕግ ያሻሻለውን ኮሚቴ የመሩት የቀድሞው የደብሊን አሠልጣኝ ጂም ጋቪንም በ2025 ለአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት በፊያና ፎል ፓርቲ ስም ቀርበው በኦክቶበር ከውድድሩ ወጥተዋል። ሕዝብ በየሳምንቱ የሚነጋገርበት ነገር የት እንደሚታይ መጠየቅ የሕዝብ ተመራጭ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ የዚያ ኮሚቴ ሥራ የጂኤኤ ፕላስን ዋጋ ከፍ አድርጎታል፤ ከጎሉ 40 ሜትር ርቆ ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትቶ የሚገባ ኳስ ሁለት ነጥብ ማስገኘት ከጀመረ ወዲህ ቀድሞ በቅብብል ብዛት ያሰለች የነበረው እግር ኳስ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚያጓጓ ሆኗል።

ስለዚህ ከአየርላንድ ውጭ ለሚኖርና ጨዋታዎቹን ለሚወድ ሰው ያለ ማመንታት የዘመኑን ክፍያ እመክራለሁ። በአገር ውስጥም ለሁለቱም ጨዋታዎች ልቡን ለሰጠ፣ የራሱ ካውንቲ ባይኖርበትም ለሚያይ፣ ገንዘቡ አይባክንም። የአንድ ካውንቲ ደጋፊ መጀመሪያ የስርጭቱን መርሐ ግብር ይመልከት፤ የቡድኑ ጨዋታዎች አብዛኞቹ በአርቲኢ የተመደቡ ከሆነ የጎደለውን አንዱን ብቻ በነጠላ መግዛት ይበቃዋል። ከማኅበሩ የምጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ በማንስተር የሀርሊንግ ዙር በየሳምንቱ የሚጠበቀው ትልቁ ጨዋታ፣ ቅዳሜ ማታ ቢውልም እንኳ፣ በነጻ ይታይ፤ የቀሩትን ለማየት በደስታ የሚከፍል ተመልካች አያጣም።