የልጃችንን ትምህርት ቤት ስንመርጥ ለረዱን መምህርት

በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩና እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሦስት ዓመት የሚሞላው ልጅ ያላችሁ ወላጆች እንድታውቋቸው የምፈልጋቸው አንዲት መምህርት አሉ። በቅድመ መደበኛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚመርጡ የአገራችንን ቤተሰቦች በመጠነኛ ክፍያ ያማክራሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም።

ለፕሪ-ኬ 3 (የሦስት ዓመት ልጆች ለሚገቡበት የቅድመ መደበኛ ክፍል) ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የከተማው የትምህርት ቤት ዕጣ ሥርዓት ስናመለክት እስከ 12 ትምህርት ቤቶች መምረጥ እንችል ነበር። ለቤታችን የሚቀርበው አነስተኛ የሕዝብ ቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ በነፃ የሚያስተምር፣ ግን በራሱ የሚተዳደር) ትንንሽ ልጆችን ብቻ ስለሚያስተምር የፈተና ውጤት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ባለቤቴም በዚህ ምክንያት ከዝርዝራችን ሊያወጣው ነበር። የመንግሥት ፈተና የሚጀምረው ከ3ኛ ክፍል መሆኑንና ስለ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በሌላ መንገድ መጠየቅ እንደሚገባ ያስረዱን እሳቸው ናቸው።

ቻርተሩ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ የሚሠራበት ፈቃድ፣ ለ15 ዓመት እንደሚሰጥና ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንደሚገመገም ነግረውን፣ የግምገማውን ሰነድ አብረውን ተቀምጠው በአማርኛ እያብራሩ አነበቡልን። ክላስ ስለሚባለው፣ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ስለሚሰጠው የክፍል ምልከታም አስረዱን። ይህ ምልከታ ለልጆች የሚሰጠውን የስሜት ድጋፍ፣ የክፍሉን አያያዝና መምህሩ የልጆችን አስተሳሰብ የሚያሳድግበትን መንገድ ይመዝናል። እሳቸው አብዝተው የተጨነቁት ለመጨረሻው ነበር። ትምህርት ቤቱ ትንሽ በመሆኑ የአንዲት መምህርት መልቀቅ እንኳ ነጥቡን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ባለፉት ዓመታት ስንት መምህራን እንደለቀቁ ርእሰ መምህሯን እንድንጠይቅ መከሩን፤ ጠየቅን፣ ግልጽ መልስም አገኘን።

ለጉብኝት አብረውን ሄደው ክፍሉ ጥግ ላይ በዝምታ ተቀመጡ። አንዲት ሕፃን የሠራችው የእንጨት ግንብ ፈርሶባት ስታለቅስ መምህሯ ተንበርክካ «ለምን የፈረሰ ይመስልሻል?» ብላ ጠየቀቻት፤ ሕፃኗም እንባዋን እየጠረገች ትልቁን እንጨት ከታች አደረገችው። ስንወጣ «ያየሁት ይበቃኛል» አሉን። ግቢው ለሩጫ እንደሚጠብና ይህንንም እንዳልወደዱለት ግን አልደበቁንም፤ ሁሉን ቢያሞግሱልን ኖሮ እንዲህ ባላመንኳቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ቋንቋችን ነው፤ ልጃችን አፉን ለመፍታት በመዘግየቱ ጥፋቱን በአማርኛችን ላይ ጥለን፣ በደንብ በማንችለው እንግሊዝኛ ልናናግረው ጀምረን ነበር። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር እንደማያዘገየው ነግረው ወደ አማርኛችን መለሱን። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር የሆኑ ሕፃናትን የዕድገት መዘግየት እንዳለባቸው ያለ ክፍያ ወደሚመረምረው ኧርሊ ስቴጅስ ወደሚባለው ማዕከልም መሩን፤ ስልኩን ስንደውልም አስተርጓሚ እንድንጠይቅ አስታወሱን።

ልጃችን ዕጣው ወጥቶለት በዚያው ትምህርት ቤት ይማራል። መምህርቷም በሦስተኛው ሳምንት ደውለው ጠዋት ሲለየን ያለቅስ እንደሆነ ጠይቀውናል፤ ለዚህ ማንም አልከፈላቸውም።

ማመልከቻው ከመዘጋቱ አስቀድማችሁ ልታማክሯቸው የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።