ሲሙሊንክ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ በግዢው እንዳልጸጸት ያደረገችኝ ፐልስ ጀነሬተር

ሲሙሊንክን፣ ማለትም የምንነድፈውን ነገር ከመሥራታችን በፊት በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ሶፍትዌር፣ ከኪሴ ከፍዬ ከገዛሁት ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ብሎኮችን በመስመር ማገናኘቱም ሆነ ውጤቱን በስኮፕ (ሲግናልን በግራፍ በሚያሳየው ብሎክ) መመልከቱ እንደሚጠበቀው ስለሚሠራ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። እንድጽፍ ያነሳሳችኝ ፐልስ ጀነሬተር የምትባል፣ በየተወሰነ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ሲግናል የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ብሎክ ናት።

የምነድፈው ከሶላር ፓነል የሚመጣውን 36 ቮልት ወደ 12.6 ቮልት የሚያወርድ ባክ ኮንቨርተር ነው። ኪሳራ የሌለባቸውን ክፍሎች ካሰብን፣ ማብሪያው ከእያንዳንዱ ዙር 35 በመቶውን ቢበራ የሚፈለገው ቮልቴጅ ይገኛል። በሰከንድ 20,000 ጊዜ ስለሚበራና ስለሚጠፋ አንዱ ዙር 50 ማይክሮሰከንድ፣ የሚበራበት ጊዜ ደግሞ 17.5 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። ማብሪያውን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ሲግናል መጀመሪያ በራሴ ዘዴ ሠራሁት፤ ከ0 እስከ 1 የሚወጣ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ከ0.35 ጋር እያወዳደርኩ፣ ሶልቨሩን (ሞዴሉን ጊዜን እየከፋፈለ የሚያሰላውን ክፍል) በ1 ማይክሮሰከንድ ቋሚ ስቴፕ፣ ማለትም እርምጃ፣ አስኬድኩት። ስኮፑ በአማካይ 12.96 ቮልት አሳየኝ።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በተከታታይ የተያያዙ ሦስት የሊቲየም አዮን ሴሎች ሞሉ የሚባለው በ12.6 ቮልት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 4.2 ላይ ሲደርሱ ነው፤ በ12.96 ግን እያንዳንዱ ሴል እስከ 4.32 ይገፋል፤ ይህ ደግሞ ባትሪውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንዳክተሩንና ካፓሲተሩን ስቀያይር ከረምኩ፤ ገንዘቤን በከንቱ አፈሰስኩ ብዬም አዘንኩ።

አንድ ምሽት ያንን ሁሉ አንስቼ በምትኩ ፐልስ ጀነሬተርን አስገባሁ። ዓይነቱን በጊዜ ላይ የተመሠረተ፣ ከፍታውን 1፣ ዙሩን 0.00005 ሰከንድ፣ ስፋቱን 35፣ መዘግየቱን 0 አድርጌ፣ ሶልቨሩንም ወደ ተለዋዋጭ ስቴፕ ቀየርኩት። 12.6 መጣ። ሲግናሉ የሚወርድበትን ጠርዝ በስኮፑ አጉልቼ ስመለከተው ልክ 17.5 ላይ ቆሟል።

ጥፋቱ የእኔ አሠራር ነበር። ማወዳደሪያዬ የሚያየው በየ1 ማይክሮሰከንዱ ብቻ ስለሆነ፣ በ17ኛው ላይ ሞገዱ 0.34 ሆኖ ያገኘዋል፤ በ18ኛው ላይ ደግሞ 0.36 ደርሶ ያልፈዋል። ስለዚህ ማብሪያው 36 በመቶ በርቶ ይቆይ ነበር። ፐልስ ጀነሬተር ግን በዚህ አሠራር ቀጣዩ ለውጥ መቼ እንደሆነ ለሶልቨሩ አስቀድማ ስለምታሳውቀው፣ ሶልቨሩ በትክክል እዚያች ቅጽበት ላይ ያርፋል።

«ስቴፑን በግማሽ ብታሳንሰው ይስተካከል ነበር» የሚለኝ ሻጭ አይጠፋም። ለ35 በመቶ እውነት ነው። ነገ 35.3 ቢያስፈልገኝስ? እንደገና ላሳንስ፣ ላፕቶፑም እንደገና ይንቀራፈፍ? ሻጮች ሆይ፣ አውሮፕላን ሲበርና መኪና ሲታጠፍ የሚያሳይ ማሳያ ከምትደረድሩ ይህችን አንዲት መስኮት ከፍታችሁ ብታሳዩን በሙያችን ባከበራችሁን ነበር።

ለጀማሪ የምለው አለኝ። ስፋቱ የሚሞላው በመቶኛ ነው፤ እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ 0.35 ብዬ ሞልቼ ከስኮፑ 0.126 ቮልት ብቻ አግኝቻለሁ። ዓይነቱ በናሙና ላይ የተመሠረተ ከተደረገ ደግሞ ያው የስፋት ሳጥን የሚቀበለው የናሙና ብዛት ስለሆነ፣ በ1 ማይክሮሰከንድ ናሙና 17 ወይም 18 እንጂ 17.5 አይገኝም።

አሁን የራሱ ማብሪያና ኢንዳክተር ያለው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከመጀመሪያው ጎን ጨምሬ፣ የሁለተኛውን ፐልስ መዘግየት 0.000025 ሰከንድ፣ ማለትም የዙሩን ግማሽ፣ አድርጌዋለሁ፤ የአንዱ ኢንዳክተር ከረንት ሲወጣ የሌላው ሲወርድ ስኮፑ ላይ ጎን ለጎን ይታየኛል፤ ወደ ባትሪው የሚገባው ድምር ከረንት ላይ የሚታየው መዋዠቅም በግልጽ ቀንሷል።